ሬዘር ሮበርትሰን ለኦል ብላክስ ይሆናል? ዋንጫውን ሳትቆጥሩ መልሱልኝ

ክራይስትቸርቹ · ማርች 8፣ 2023

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ራግቢ የምንከታተል ሐበሾች በጣት የምንቆጠር ብንሆንም ጭቅጭቃችን ስታዲየም ይሞላል። ዛሬም ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትሳሳቱ።

የኒውዚላንድ ራግቢ ማኅበር የሚቀጥለውን የኦል ብላክስ (የብሔራዊ ቡድኑን) ዋና አሰልጣኝ የዓለም ዋንጫው ሳይጀመር ሊመርጥ ነው። ያለው አሰልጣኝ ኢያን ፎስተር እኔ አልወዳደርም ብሏል። የጄሚ ጆሴፍ ስም ይነሳል፤ በ2019 ጃፓንን ሩብ ፍጻሜ ያስገባው ሰውዬ። ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው ግን ስኮት ሮበርትሰን ነው። «ሬዘር» የሚሉት። ምላጩ በሉት።

እኔ የምኖረው ክራይስትቸርች ነው። እዚህ ከተማ ሮበርትሰንን መጠራጠር ሰርግ ቤት ገብቶ ሙሽራዋን ማማት ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ።

ሰውዬው ማነው? ተጫዋች እያለ ለኦል ብላክስ 23 ጊዜ ተሰልፏል። አሰልጣኝ ሲሆን ካንተርበሪን የሀገር ውስጥ ሻምፒዮን አደረገ። በ2015 ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን ይዞ የዓለም ዋንጫውን በላ። በ2017 በሱፐር ራግቢ፣ በክለቦቹ ውድድር፣ የሚጫወተውን የከተማዬን ክለብ ክሩሴደርስን ተረከበ። ክለቡ ከ2008 ወዲህ ዋንጫ አልነካም ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት፣ ስድስት ዋንጫ። ፍጻሜ ባሸነፈ ቁጥር ሜዳው መሀል በጀርባው ተገልብጦ ብሬክ ዳንስ ይሽከረከራል። ሃምሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ለቡድኑ በየዓመቱ አንድ ታሪክ ይመርጣል። የ2017ቱ የአሊና የፎርማን የኪንሻሳ ፍልሚያ ነበር። ለዋንጫ ወደ አፍሪካ መሄዳቸው አይቀርም ብሎ። እውነትም ፍጻሜው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ!

አሁን ጥያቄዬ። ዋንጫ ቆጥሮ መቅጠርማ ማንም ያውቃል። እናንተ ቀጣሪዎቹ ብትሆኑና ሰውዬው ፊት ለፊታችሁ ቢቀመጥ ምን ትጠይቁታላችሁ?

ጄፒ_ጎዳና · ማርች 8፣ 2023

ጆሃንስበርግ ካልክማ እኔ አለሁልህ። ያን ፍጻሜ ኤሊስ ፓርክ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ነው የሄድኩት።

እኔ ብሆን ዋንጫዎቹን አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ። የ2017ቱን እንክፈት። የኛ የጆበርግ ክለብ የላየንስ ተጫዋች ክዋጋ ስሚዝ አየር ላይ ያለ ሰው መትቶ ከእረፍት በፊት በቀይ ወጣ። ከአርባ ደቂቃ በላይ በ14 ሰው ተጫወትን። 25 ለ 17 አለቀ። ሮበርትሰን ዳንሱን ወረደ፣ እኔ እግሬን እየጎተትኩ ቤቴ ገባሁ። ቡድኑ ጥሩ አልነበረም አልልም። ግን ይሄ ዋንጫ ስለ አሰልጣኙ ስንት ይነግረኛል?

የ2020ና የ2021 ደግሞ የኮቪድ ዘመን ናቸው። አምስት የኒውዚላንድ ክለቦች ብቻ የተጫወቱበት ውድድር ነው። ከባድ ነበር፣ አውቃለሁ። ሆኖም ወደ ፕሪቶሪያ በረህ፣ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አጥሮህ ያመጣኸው ዋንጫ አይደለም።

ክራይስትቸርቹ · ማርች 8፣ 2023

ጄፒ፣ ቀይ ካርዷን እስከ ልጅ ልጅ ልታወርሳት ነው እንዴ? 😄

የ2022ቱን ግን ክፈትልኝ። የኦክላንዶቹ ብሉስ በሜዳቸው፣ ኤደን ፓርክ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፉ ከርመው። ክሩሴደርስ 21 ለ 7 ቀጧቸው። ላይንአውታቸውን (ኳሷ ከመስመር ስትወጣ መልሶ የሚወረወርበትን) አፈረሱት። ብሉስ ኳሷን ወደ መስመር በመቷት ቁጥር ከሰማይ የሚቀበላት ቀይና ጥቁር ማልያ ነበር። ይሄ ዕድል አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው።

ሜልቦርን_ደጃፍ · ማርች 9፣ 2023

የቤት ሥራውን የሠራው ማነው ታዲያ? የፊት መስመሩ አሰልጣኝ ጄሰን ራያን ነበር። ራያን ደግሞ ካለፈው ጁላይ ጀምሮ ኦል ብላክስ ውስጥ ነው። አየርላንድ ኒውዚላንድን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስትረታ የፎስተር ሁለት ረዳቶች ተባረሩና ራያን መጣ።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ይሄን ፊልም አይተነዋል። ሮቢ ዲንስን ታስታውሱታላችሁ? እሱም የክሩሴደርስ አሰልጣኝ፣ እሱም አምስት የሱፐር ራግቢ ዋንጫ። በ2007 ኦል ብላክስ በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 20 ለ 18 ሲወድቁ ሀገሩ ሁሉ ዲንስ ይሁን ብሎ ጮኸ። ማኅበሩ ግራሃም ሄንሪን አቆየ። ዲንስ ተናዶ ወደኛ ወደ አውስትራሊያ መጣ። እዚህ በደስታ ነበር የተቀበልነው።

ከዚያስ? በ2011 በሳሞአ ተሸነፍን። በዚያው ዓመት የሦስትዮሽ ውድድሩን አሸነፈልን፣ ሐቁን ልናገር። ዓለም ዋንጫው ላይ ግን በግማሽ ፍጻሜ የሄንሪ ኦል ብላክስ 20 ለ 6 አስወጡን፤ ዋንጫውንም እነሱ ወሰዱ። በ2013 የብሪታኒያና የአየርላንድ ጥምር ቡድን ላየንስ ሲድኒ ላይ 41 ለ 16 ሲያሸንፉን ዲንስ ለቀቀ።

ሰውዬው ጃጅቶ አልነበረም። ያው ሰው ነው። ክሩሴደርስን ግን ሻንጣው ውስጥ ይዞ መምጣት አልቻለም።

የፒያሳ_ልጅ · ማርች 9፣ 2023

ይቅርታ፣ እኔ የኳስ ሰው ነኝ። ራግቢ የማውቀው ኳሷ እንቁላል መምሰሏን ብቻ ነው። ግን ክሩ ስለጣመኝ ልጠይቅ። ክለብ ላይ የሠራ አሰልጣኝ ብሔራዊ ቡድን ላይ ለምን አይሠራም? ተጫዋቾቹ እንዲያውም የተሻሉ አይደሉ?

ጄፒ_ጎዳና · ማርች 9፣ 2023

ፒያሳ፣ በምታውቀው ልንገርህ። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ጊዜ ከጆበርግ በአውቶቡስ ወደ ኔልስፕሪት ወርደን ነበር። ምቦምቤላ ስታዲየም። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ያስገባው ቡድን። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው ሻምፒዮኗን ዛምቢያን አንድ ለአንድ። አዳነ ሲያገባ የጮህኩት ጩኸት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0። በአራት ቀን ውስጥ ምን ታስተካክላለህ? የተጫዋቹን ልብ ጠግነህ፣ በረኛ ቀይረህ ትገባለህ እንጂ ሥርዓት አትሠራም።

የሮበርትሰንም ነገር ይሄው ነው። ክለብ ላይ ከልጆቹ ጋር ወራት ሙሉ በየቀኑ አብሮ ይውላል። ያ ታሪክ፣ ያ ዳንስ፣ ያ ፍቅር የሚሠራው በየቀኑ ስለሚደገም ነው። ብሔራዊ ቡድን ላይ ሰኞ ተሰብስበህ ቅዳሜ ስፕሪንግቦክስ፣ የኛ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን፣ ይጠብቁሃል።

(በነገራችን ላይ ኦል ብላክስ ባለፈው ኦገስት 26 ለ 10 የተመቱት እዚያው ምቦምቤላ ነው። ሜዳው የማንንም እንባ ያውቃል።)

ለንደን_እንደ_ሀገሬ · ማርች 10፣ 2023

ወንድሞቼ፣ እኔ እንጀራዬ ሰው መቅጠር ነው። አሥራ ስንት ዓመት የሥራ አመልካች ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው ወድቆ የማያውቅ ሰው ነው። ደካማውን በአምስት ደቂቃ ታውቀዋለህ። ሁሌ ያሸነፈውን ግን ምን ብለህ ትመዝነዋለህ? ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ማስረጃ የለህም።

ስለዚህ ለሮበርትሰን የማቀርበው ጥያቄ ይሄ ነው። 60ኛው ደቂቃ ነው። እየተመራህ ነው። ዕቅድህ አልሠራም። ያኛው ቡድን ስድስት ግዙፍ ሰዎች ከተቀያሪ ወንበር አስነሥቶ አስገባ። አንተስ? ክሩሴደርስ ላይ ይሄ ስንት ጊዜ ደረሰበት? ደርሶበትስ ምን አደረገ? እነዚያን ጥቂት ጨዋታዎች ፈልጌ እንደገና አያቸዋለሁ። የፍጻሜዎቹን ቪዲዮ መሳቢያ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ለእሱም አንድ ነጥብ ልስጥ። ከሥሩ ሰው ይወጣል። ሮናን ኦጋራ ክሩሴደርስ ላይ የሱ ረዳት ነበር። ላ ሮሼልን ይዞ ባለፈው ዓመት ማርሴይ ላይ ሌንስተርን 24 ለ 21 ረትቶ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ምቀኛ አለቃ ሥር እንዲህ ዓይነት ሰው አይበቅልም።

ሜልቦርን_ደጃፍ · ማርች 10፣ 2023

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ብራድ ሙአርም የሱ ረዳት ነበር። ባለፈው ጁላይ ከኦል ብላክስ ከተባረሩት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። ሁለቱንም እንቁጠር።

ቁጥር_አሥር · ማርች 11፣ 2023

ሁላችሁም አንድ ሰው ረሳችሁ። ስድስቱም ዋንጫ ላይ 10 ቁጥር (ጨዋታ መሪውን ማልያ) ለብሶ የነበረው ማነው? ሪቺ ሞኡንጋ። ከዓለም ዋንጫው በኋላ ወደ ጃፓን፣ ወደ ቶሺባ ክለብ ይሄዳል። ማኅበሩ ውጭ የሚጫወት ሰው ለብሔራዊ ቡድን አያስመርጥም። ሮበርትሰን ሥራውን ቢያገኝ ቀኝ እጁ የለም ማለት ነው። ለመሆኑ ያለ ሞኡንጋ ምን አሸንፎ ያውቃል? ይሄን ጠይቁልኝ።

ክራይስትቸርቹ · ማርች 11፣ 2023

ከ20 ዓመት በታች። ካንተርበሪ። ሞኡንጋ ካንተርበሪ ላይም ነበር እንጂ... እሺ፣ ይሄኛውን በላኸኝ።

ክራይስትቸርቹ · ማርች 21፣ 2023

ተመረጠ! ከ2024 እስከ 2027። ከተማው ጮቤ ረግጧል። ሥራ ቦታ አለቃዬ ሳይቀር ዶናት ገዝቶ ገባ። እንግዲህ እናያለን።

ለንደን_እንደ_ሀገሬ · ማርች 21፣ 2023

እንኳን ደስ ያላችሁ። 60ኛው ደቂቃ ላይ እንገናኝ።

ጄፒ_ጎዳና · ኦክቶበር 29፣ 2023

ሰላም ናችሁ? ሌሊቱን በሙሉ አልተኛንም። ስፕሪንግቦክስ ኦል ብላክስን 12 ለ 11! አራተኛ የዓለም ዋንጫ!

ከደስታዬ መሀል ግን ስለዚያ ሰውዬ፣ ስለ ፎስተር፣ አስቤ አዘንኩ። ተተኪው ከዓለም ዋንጫው በፊት ተነግሮበት፣ ጋዜጣው ሁሉ ሲዘባበትበት ከርሞ አየርላንድን 28 ለ 24 አስወጣ። ፍጻሜው ላይ ካፒቴኑ ሳም ኬን በቀይ ወጥቶ፣ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ በ14 ሰው ተጫውቶ በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። ፎስተር ቺፍስ የሚባለውን የኒውዚላንድ ክለብ ሲያሠለጥን አንድ ዋንጫ አልነበረውም። በዋንጫ ብንመዝነው ለዚህ ወንበር የሚታሰብ ሰው አልነበረም።

የፒያሳ_ልጅ · ኦክቶበር 29፣ 2023

ፍጻሜውን አየሁት! የመጀመሪያዬ ነው። ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ልቤ ሊቆም ነበር።

ጄፒ_ጎዳና · ሴፕቴምበር 1፣ 2024

ይሄን ክር ከመቃብር ላውጣው። ትናንት ኤሊስ ፓርክ ነበርኩ።

ልንገራችሁ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀር ኦል ብላክስ የኛን ስፕሪንግቦክስ 27 ለ 17 ይመራሉ። አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ኮፍያውን አድርጎ ለመሄድ ተነሣ። ተቀመጥ፣ ወንበሩ ላይ ያሉትን አላየህም? አልኩት። ከዚያ ትራይ (ኳሷን ከመስመሩ ጀርባ መሬት ማስነካት)። ማን አገባው? ክዋጋ ስሚዝ! ያው ሰውዬ። በዚሁ ሜዳ በ2017 በቀይ ወጥቶ ለሮበርትሰን የመጀመሪያውን ዋንጫ የሰጠው። ቀጥሎ ግራንት ዊልያምስ። 31 ለ 27። ሽማግሌው አቅፎኝ ሊያደቀኝ ነበር።

ዕዳ ተከፈለ ብዬ ሳቅሁ። ግን የለንደኗ እህታችን ያለችውን አስታወስኩ። የኛ ሰዎች ሲገቡ ጨዋታው ተለወጠ። የነሱ ሲገቡ ምንም አልተለወጠም።

ሜልቦርን_ደጃፍ · ሴፕቴምበር 1፣ 2024

ሊዮን ማክዶናልድም ለቋል፤ ረዳት ከሆነ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ሥራ ላይ አልተስማሙም ተባለ። ዌሊንግተን ላይ በአርጀንቲና 38 ለ 30 ከተሸነፉ በኋላ ነው። ደስተኛ ቤት አይመስለኝም።

ክራይስትቸርቹ · ሴፕቴምበር 2፣ 2024

እሺ፣ አንድ ነገር ልበል። ክሩሴደርስ ያለ ሮበርትሰን ዘንድሮ ምን ሆኑ? ዘጠነኛ! ከ14 ጨዋታ አራት ብቻ አሸንፈው ቀሩ። ሰውዬው ምንም አልነበረም የምትሉ ይሄን አስረዱኝ።

ቁጥር_አሥር · ሴፕቴምበር 2፣ 2024

ሞኡንጋም አብሮ እኮ ነው የሄደው! ቶሺባ በመጀመሪያ ዓመቱ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ ማን ነበር መሰለህ? ቶድ ብላካደር። ከሮበርትሰን በፊት ክሩሴደርስን ስምንት ዓመት ይዞ አንድም ዋንጫ ያላገኘው። እዚያ ከተማ «ጥሩ ሰው ነው ግን...» የምትሉት። 10 ቁጥሩን አገኘ፣ ሻምፒዮን ሆነ።

ክራይስትቸርቹ · ሴፕቴምበር 2፣ 2024

😶

ቁጥር_አሥር · ጁን 22፣ 2025

ለመዝገብ ያህል። ቶሺባ ዘንድሮም ደገመ። ብላካደርና ሞኡንጋ፣ ሁለት በሁለት።

ክራይስትቸርቹ · ጁን 22፣ 2025

ለመዝገብ ያህል እኔም አለኝ። ትናንት ማታ ቺፍስን 16 ለ 12 አሸንፈን ዋንጫው ቤቱ ተመለሰ። በሮብ ፔኒ። አምና ይባረር ስንለው በነበረው ሰውዬ። ያለ ሮበርትሰን፣ ያለ ሞኡንጋ። አንተ ቁጥር አሥር፣ ያንተም ንድፈ ሐሳብ እንዲሁ ተበላሸ ማለት ነው። የሁለታችንም ተበላሸ።

ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የአዲንግተን ስታዲየም ያው ጊዜያዊ ነው፤ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ በችኮላ የተሠራ፣ የብረት ወንበር። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ከ1996 ጀምሮ ቀርተው አያውቁም። ይሄ ክለብ አሰልጣኝ ይሠራል እንጂ አሰልጣኝ አይሠራውም አሉኝ። ድሮ ቢሆን እጣላቸው ነበር።

ሜልቦርን_ደጃፍ · ሴፕቴምበር 14፣ 2025

ኦል ብላክስ በስፕሪንግቦክስ 43 ለ 10። ዌሊንግተን ላይ። በታሪካቸው እንዲህ ተሸንፈው አያውቁም።

ውጤቱን ተዉት። እረፍት ላይ 10 ለ 7 ይመሩ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ 36 ለ 0 ነው። ዜሮ! አርባ ደቂቃ ሙሉ።

ጄፒ_ጎዳና · ሴፕቴምበር 14፣ 2025

እኔ ዛሬ አላወራም። ዝም ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ሦስተኛ አፍልቻለሁ።

ክራይስትቸርቹ · ሴፕቴምበር 14፣ 2025

ጠጣ፣ ይገባሃል። ግን ከሳምንት በፊት ኤደን ፓርክ ላይ 24 ለ 17 ያሸነፍናችሁን ቅጠልበት። ከ1994 ወዲህ ያልተሸነፍንበት ሜዳ። ሰውዬው ቀሽም አይደለም። ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው በጣም ያንሳል። ሌላ ሀገር ቢሆን ሐውልት ያቆሙለታል።

ለንደን_እንደ_ሀገሬ · ኖቬምበር 16፣ 2025

ትናንት ትዊክነም ገብቼ ነበር። ትኬቱን ልጄ ገዝታልኝ።

ኦል ብላክስ እንግሊዝን 12 ለ 0 መሩ። ደረጃው ላይ የነበሩት እንግሊዞች ጸጥ አሉ፣ ቢራውም ጸጥ አለ። ከዚያ ጆርጅ ፎርድ ከእረፍት በፊት ሁለት ድሮፕ ጎል (መሬት አንጥሮ የሚመታ ኳስ) ጣል ጣል አደረገ። እንደ ቀልድ። 12 ለ 11። ልጄ ምነው ጥቁሮቹ ተደናገጡ? አለችኝ። እየመሩ እኮ ነው! 33 ለ 19 ተሸንፈው አለቀ።

ማርች 2023 ላይ የጻፍኩትን ወደ ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ደስ አላለኝም። ሰውዬውን ወድጄው ነበር። ግን እንዲያው ስታስቡት፣ ኤሊስ ፓርክ እየመሩ፣ ፓሪስ አምና 17 ለ 10 እየመሩ 30 ለ 29 ተሸንፈው፣ ዌሊንግተን እየመሩ፣ ትናንትም እየመሩ። እኔ የፈራሁት ሌላው ቡድን ሲመራው ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ጥያቄዬ ራሱ ስህተት ነበር ለካ። መጠየቅ የነበረብኝ እየመራ ያኛው ቡድን ሲነቃ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ክሩሴደርስ ላይ እሱ ሲመራ ያኛው ቡድን ይሞት ነበራ።

ቁጥር_አሥር · ኖቬምበር 16፣ 2025

ይሄንን 2023 ላይ ብትጠይቂው ምን ይመልስልሽ ነበር?

ለንደን_እንደ_ሀገሬ · ኖቬምበር 16፣ 2025

ጥሩ መልስ ይመልስልኝ ነበር። ሳያስጨበጭበኝም አይቀር። እኔም እቀጥረው ነበር።

የፒያሳ_ልጅ · ኖቬምበር 16፣ 2025

ቅዳሜ ከዌልስ ጋር ናቸው አይደል? እስከ 60ኛው ደቂቃ ትንሽ ልተኛበት። ከዚያ አንዳችሁ ደውሉልኝ።